ሞቱ ሳይደርስ የሚያለቅስ ሙዚቃ

የአማርኛ ፊልም ወቀሳ ሲነሣ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው «ሙዚቃው ይጮኻል» የሚለው ነው። ወልድያ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው ወጣትም፣ መርሳ ላይ ልጆቿ በስልክ የሚያዩትን ድራማ ከጓዳ ሆና የምትሰማው እናትም እንዲሁ ይላሉ። ወቀሳው የሁሉም ስለሆነ መርምሮት የሚያውቅ የለም። ልጠይቅ የፈለግሁት ይህንኑ ነው፤ ጥፋቱ በእርግጥ ጩኸቱ ነው? ጩኸቱ ቢሆን ኖሮ ድምፁን ቀነስ ማድረግ መፍትሔ በሆነ። ቀንሰን አይተነዋል፤ ዝቅ ብሎም ያውካል። እንግዲያው ነገሩ ሌላ ቦታ ሳይኖር አይቀርም።

ጩኸቱን ራሱን እናስቀድም። ወሎ ድምፅ የሚፈራ አገር አይደለም። የጁ ውስጥ መንዙማ ሲወጣ አንዱ በለሆሳስ ይጀምራል፤ ተቀባዮቹ ይከተላሉ፤ ድቤው ገብቶ ሐድራው ሲሞቅ ቤቱ ይናወጣል። ያን ጊዜ «ቀንሱልን» የሚል ሰው አይገኝም፤ ጩኸቱ እዚያ ሲደርስ ሰሚውም አብሮ ደርሷልና። በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ዜማው በመቋሚያ ይዘልቃል። በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመለስ ሰውን የሚያስፈነድቀው ድምቀት ግማሹ የከበሮው ከሆነ፣ ግማሹ ያ ሁሉ ሳምንት ዝም የማለቱ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ግን ለቅሶ ቤት ያስተምራል። በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ ገጠር የልቅሶን ሥርዓት ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል፤ ትልቁ ጩኸት ብቻውን አይመጣም። አልቃሿ ትነሣለች። የሟቹን ስም ትጠራለች፤ የማን ልጅ እንደነበረ፣ በሬው ማን ይባል እንደነበረ፣ እርሻው በየት በኩል እንደሚውል፣ ማንን አስታሞ ማንን እንደቀበረ በግጥም ትደረድራለች። ያን ጊዜ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ ቃሉ መሰማት አለበት። ግጥሙ ቤት መትቶ ሲያበቃ ነው ለቀስተኛው ደረቱን እየደቃ «ዋይ! ዋይ!» የሚለው። ከዚያ ይረግባል፤ እሷ ሌላ ታነሣለች፤ እንደገና ይፈነዳል። ዘግይቶ የደረሰ፣ ሟቹን በቅጡ የማያውቅ ሰው እንኳ ሁለት ሦስት ግጥም ከሰማ በኋላ ዐይኑ እንባ ያቀርራል። የሚያስለቅሰው ጩኸቱ ቢሆን ኖሮ ገና ከኮረብታው ማዶ እንደሰማው ባለቀሰ። ያስለቀሰው የበሬው ስም ነው።

ስለዚህ ጩኸት በራሱ አይከሰስም። ተራ አለው፤ ተራው ሲደርስ ይከበራል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሻካራነት ነው፤ ኖታ ከኖታ የሚላተምበት፣ ጆሮ የሚቧጥጥ ድምፅ። እዚህም ክሱ ቶሎ ይላላል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎን ቦታዎች ስም የያዙ ናቸው። ከቀሩት አንዱ አንቺሆዬ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ኖታዎች አሉት። ጆሮው በፒያኖ የተገራ የውጭ ሰው ሲሰማው ያልተቃኘ መሣሪያ ይመስለዋል፤ እኛ ሠርግ ቤት እስክስታ እንወርድበታለን። አንዱን የሚያሸማቅቀው ድምፅ ሌላውን የሚያስጨፍር ከሆነ፣ ሻካራነቱ ግማሹ ያለው ሰሚው በለመደው ነገር ውስጥ ነው።

ግማሹ አልኩ፤ ምክንያቱም ከልማድ በታች የሚወርድም አለ። ዳንኤል ብሉምስታይን የተባሉ የእንስሳት ጠባይ አጥኚ፣ ማርሞት የሚባሉት የምድር እንስሳት ግልገላቸው ሲያዝ የሚያሰሙትን ጩኸት ሲመረምሩ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከባልደረቦቻቸው ጋር የ102 ፊልሞችን ድምፅ ፈተሹ። በአስፈሪ ፊልሞች ውስጥ የተሰነጠቀ፣ ከልኩ የተረፈ ድምፅ በዝቶ አገኙት። የተያዘ ግልገል ጩኸት ዓይነት ማለት ነው። ሙዚቀኞቹ ይህን ከላቦራቶሪ አልተማሩትም፤ በጆሯቸው ደርሰውበታል።

ከእነዚህ ሙዚቀኞች ዋነኛው በርናርድ ኸርማን ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 በሠራው «ሳይኮ» ውስጥ የመታጠቢያ ቤቱ ግድያ ያለ ሙዚቃ እንዲያልፍ ፈልጎ ነበር። ኸርማን ግን ባለ ክር መሣሪያዎችን ብቻ አሰልፎ ጻፈለት፤ ሂችኮክም ሲሰማው ሐሳቡን ለወጠ። ያ የቫዮሊን ጩኸት እስከ ዛሬ በሻካራነቱ ይጠቀሳል። እኔ ግን ሰዓቱን እዩልኝ እላለሁ። ሴትየዋ ስትታጠብ የሚሰማው ውኃ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ጥላ ሲቀርብም የሚሰማው ያው ውኃ ነው። ቫዮሊኖቹ የሚጮኹት መጋረጃው ሲገፈፍ፣ ቢላዋው ሲነሣ ነው። አንዲት ሰከንድ አይቀድሙም። ኸርማን ኒው ዮርክ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ሥርዓቱ ግን የሀብሩ አልቃሽ ሥርዓት ነው፤ ነገሩ ይቀድማል፣ ጩኸቱ ይከተላል።

ታዲያ የእኛ ፊልም ጥፋት ምንድን ነው? እኔ ያገኘሁት ከደሴ ወደ ወልድያ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሐይቅንና ውጫሌን አልፈን ወደ ውርጌሳ ስንቃረብ ረዳቱ ፊልም ከፈተ። ስክሪኗ ከሾፌሩ ኋላ የተሰቀለች ትንሽዬ ናት፤ ድምፅ ማጉያዎቹ ግን በየወንበሩ አናት ላይ ናቸው። አንድ ወጣት ከዓመታት በኋላ ከአረብ አገር ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። ሻንጣውን አስቀምጦ የግቢው በር ላይ ቆመ። ገና እጁን ለማንኳኳት ሳያነሣ ኦርጋኑ ዋሽንት አስመስሎ ማልቀስ ጀመረ፤ ከዋሽንቱ ሥር ቫዮሊን፣ ከቫዮሊኑ ሥር ጉምጉምታ። ከጎኔ የተቀመጡ ነጠላ ያጣፉ እናት ደንግጠው ወደ አጠገባቸው ልጅ ዞሩ።

«ምነው ልጄ፣ እናቱ ሞተች እንዴ?»

«ገና ነው እማማ፣ በሩን አላንኳኳም» አላቸው ዐይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

የሰማው ሁሉ ሳቀ። በሩ ተከፈተ፤ እናትየዋ ደህና ናቸው፤ ተቃቀፉ። ሙዚቃው ያው ነበር። መርሳን አልፈን ወደ ስሪንቃ ስንወጣ የፊልሙ እናት በእርግጥም ሞቱ። ሙዚቃው አሁንም ያው ነው፤ የቀረው ነገር ድምፁን መጨመር ብቻ ስለነበር ተጨመረ። ያን ጊዜ ተሳፋሪው ግማሹ እንቅልፉን ይዞታል፣ ግማሹ ስልኩን ይነካካል።

የእኚያ እናት ጥያቄ ከብዙ የፊልም ሒስ ይልቅ ወደ ነገሩ ሥር ይደርሳል። ሙዚቃው አርድቷቸዋል፤ መርዶው ግን ገና አልደረሰም። ያለ ሟች ለቅሶ ተቀመጡ እንደማለት ነው። ደግሞም ልብ እንበል፤ ያ ሙዚቃ ሻካራ አልነበረም። ጣፋጭ ነው። ኖታው ከኖታው አልተላተመም፤ ቅኝቱም ትዝታ ቢጤ ነበር። «ይጮኻል» ብለን የምናማው እንዲህ ያለውን ነው። ጥፋቱን እንግዲህ በስሙ ልጥራው፤ ተመልካቹ ገና ሳያይ ምን ሊሰማው እንደሚገባ የሚያዝዝ ሙዚቃ ነው። ቢጮኽም ባይጮኽም ያዝዛል። ድምፁን ዝቅ ስናደርገው የሚያውከንም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ መቃወሚያ አለ፤ ላልፈው አልችልም። «ጆውስ» የተባለው የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም (እ.ኤ.አ. 1975) ዓሣ ነባሪ የሚያህለውን ሻርክ ሳያሳየን በጆን ዊልያምስ ሁለት ኖታዎች ብቻ መምጣቱን ይነግረናል። ይቀድማል፤ ያረዳል። እንዲያም ሆኖ ከምርጥ የፊልም ሙዚቃዎች ተርታ ይቆጠራል። ክርክሬ ፈረሰ ማለት ነው?

አልፈረሰም፤ ግን ጠበብ ማለት አለበት። የዊልያምስ ኖታዎች የሚነግሩን ዋናተኞቹ የማያውቁትን እውነት ነው፤ «እየመጣ ነው» ይላሉ። ምን እንደሚሰማን ለእኛ ይተዉታል። ከዚህም በላይ አይዋሹም። ሁለት ልጆች ከካርቶን የሠሩትን የሻርክ ክንፍ ውኃ ላይ እየነዱ መዝናኛውን ሲያሸብሩ ሙዚቃው ዝም ይላል፤ ሻርኩ የለምና። ልብ ብሎ የሰማ ተመልካች ቀልድ መሆኑን ከሕዝቡ ቀድሞ ያውቃል። በር ላይ ያለቀሰው ኦርጋን ግን ዋሸ፤ እናትየዋ አልሞቱም ነበር። አንዴ የዋሸ ምስክር ሁለተኛ ቢምል ማን ይሰማዋል? ከመርሳ ወዲያ ሲሞቱ ያላለቀስነው ውርጌሳ ላይ ስለተዋሸን ነው።

«ተመልካቹ ይወደዋል፤ ያለ ሙዚቃ ፊልሙ ይደርቃል» የሚሉም አሉ። ልማድ መሆኑን አልክድም። ከ2008 ጀምሮ በቃና ቴሌቪዥን የምናያቸው የቱርክ ድራማዎች ንግግራቸው ወደ አማርኛ ሲመለስ ሙዚቃቸው እንዳለ ነው የመጣው፤ ጆሯችን በዚያ ቫዮሊን ሰክሯል። ይሁን እንጂ ሌላው ዓለም የእኛን ለስላሳ ሙዚቃ እየፈለገ ይወስዳል። ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ»ን በሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ አጀበ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ እ.ኤ.አ. በ2020 «ታይም» በተባለው ዘጋቢ ፊልም፣ በ2021 ደግሞ «ፓሲንግ» ውስጥ ተሰማ። የእኛው ኃይሌ ገሪማም ለ«ጤዛ» ፊልሙ ጆርጋ መስፍንንና ቪጃይ አየርን ይዞ ሠርቷል። የእማሆይን ፒያኖ አሜሪካኖቹ ፊልማቸው ላይ ሲያደርጉ እኛ የኦርጋን ዋሽንት እንጭናለን፤ ይህ ያስቀኛል፣ ያናድደኛልም።

የሙያውን ችግርም ልጥቀስ፤ ኤዲተሩ ላይ ብቻ መፍረድ አይገባም። ብዙው ፊልም ሲቀረጽ ድምፁ ተበላሽቶ ይመጣል፤ ጄኔሬተር ይገባበታል፣ ነፋስ ማይኩን ይመታዋል፣ መንገድ ላይ ጥሩምባ ይነፋል። ያን ለመሸፈን የሚቀርበው መድኃኒት ሙዚቃ ነው፤ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ወረቀት እንደመለጠፍ። በገንዘብ የማይታሙትም ከዚህ አልዳኑም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የክሪስቶፈር ኖላን «ኢንተርስቴላር» ውስጥ የሐንስ ዚመር ኦርጋን ንግግሩን ዋጠብን ብሎ ያጉረመረመ ተመልካች ብዙ ነው።

የሚያስደነግጠው ጩኸት ግን ከሚያስለቅሰው የተለየ ነገር ስለሆነ ብቻውን ማየት ይገባል። ድንገተኛ ድምፅ ሲመታን ዐይናችን የሚጨፈነው፣ ትከሻችን የሚሰበሰበው ሐሳብ ሳይደርስ፣ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ፊልም ሠሪው «አስደነገጥኳቸው» ብሎ ቢኮራ የደነገጠለት ሥጋ ነው፤ ታሪኩን ማንም አልፈራለትም። እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣው «ካት ፒፕል» ውስጥ አንዲት ሴት በሌሊት ብቻዋን ትሄዳለች፤ ከኋላዋ ኮቴ ይሰማል፤ ኮቴው ይጠፋል። ዝም። ከዚያ ድንገት እሪ የሚል ድምፅ ይፈነዳል፤ አውቶቡስ ነው፣ ቆሞ በሩን ከፈተላት። ከዚያ ወዲህ ሙያተኞቹ ይህን ዘዴ በፕሮዲውሰሩ ስም የሉተን አውቶቡስ ይሉታል። ሙዚቃ የለበትም፤ ያስደነገጠን መንገድ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ፍርሃቱም ከኮቴው ጋር አብሮ ሲያድግ ቆይቷል። ዛሬ ግን በየፊልሙ ድመት ስትዘል ሳይቀር ነጎድጓድ የሚያወርድ ሙዚቃ እንሰማለን።

ይህ በሰሜን ወሎ የጥበብ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች፤ መርሳንና የሀብሩን ቀበሌዎችም ጦርነቱ ረግጧቸዋል። ከዚያም ወዲህ የተኩስ ድምፅ ከአካባቢው ጨርሶ አልራቀም። እዚህ ያደገ ልጅ መድፉን ከዲሽቃው በድምፁ ይለያል። እንዲህ ያለ ሰው ፊት «ድው!» የሚል ማጀቢያ የለቀቀ ፊልም ያልደከመበትን ፍርሃት ነው የሚያጭደው። የተዘራው በጦርነቱ ነው፤ ፊልሙ ተመልካቹን አንድም ነገር ሳያሳየው ፍርሃቱን ከቁስሉ ላይ ይወስዳል። ስለ ጦርነት አትሥሩ፣ ተኩስ አታሰሙ ማለቴ አይደለም። ተኩሱ በታሪኩ ውስጥ ካለ ይሰማ። ታሪኩ ውስጥ የሌለውን ተኩስ ከሙዚቃ መሣሪያ ማምጣት ግን ከብልግና አይተናነስም።

የወሎ መከራ በፊልም መታየቱም አዲስ አይደለም። የ1966ቱን ረኃብ ጆናታን ዲምብልቢ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቀረጸው፤ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እየተፈራረቀ በአገራችን ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ያን ሌሊት ሰውን ያስቆጣው የሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን መቀመጥ ነው።

ከዐሥር ዓመት በኋላ የመጣው ግን ለዚህ ሐተታ ከሁሉ የቀረበ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የቢቢሲው ማይክል በርክ ያን ጊዜ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከነበረችው ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አነቃነቀ። ካሜራውን የያዘው ሞሐመድ አሚን ነበር። ሙዚቃ የለውም። ጎህ ሲቀድ፣ በብርድ የተጠቀለለ ሕዝብ፣ የእናቶች ልቅሶ፣ የሕፃናት ሳል፤ በዚህ ላይ ዝግ ያለ የአንድ ሰው ድምፅ። በቃ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን ለረኃቡ ርዳታ በተዘጋጀው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ደግሞ የካናዳ ቴሌቪዥን ቡድን የቀረጻቸው የረኃቡ ምስሎች ካርስ በተባለው የአሜሪካ ባንድ የፍቅር ዘፈን ታጅበው ታዩ። ዴቪድ ቦዊ ከራሱ ዘፈኖች አንዱን ትቶ ነው ጊዜውን ለዚያ የሰጠው። ብዙ ሰው አለቀሰ፣ ብዙ ገንዘብ መጣ። በገንዘቡ እህል የደረሰውን ሰው ፊት ቆሜ «ዘፈኑ አያስፈልግም ነበር» ለማለት ድፍረት የለኝም።

ነገር ግን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ስናያቸው ልዩነታቸው ዐይን ይወጋል። በኮረሙ ዘገባ የእናቶቹ ድምፅ ይሰማል። በኮንሰርቱ ፊልም የተራቡትን እናያለን፤ የሚሰማው ዘፈኑ ነው። ለስላሳ፣ ጆሮ የማይቧጥጥ ዘፈን። ከሻካራው ሁሉ ይልቅ ጨካኙ ይህ ነው እላለሁ፤ ሻካራ ሙዚቃ ቢያንስ ምቾት ይነሣል፣ ይህ ግን የሰውን ጩኸት አስወግዶ በምትኩ ጣፋጭ ነገር አኖረበት። በር ላይ ያለቀሰው ኦርጋን የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው።

በ2013 እና በ2014 በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ስለሆነው ፊልም መሠራቱ አይቀርም። ለሚሠሩት ሰዎች ልመናዬ ይህ ነው። ፊልሙ ተቀናብሮ ሲያልቅ፣ ሙዚቃው ሳይጫን፣ አንድ ጊዜ ከአካባቢው ሰዎች ጋር ተቀምጣችሁ እዩት። ሰዎቹ ያለቀሱበትን ቦታ አትንኩት፤ እዚያ ምንም አይጨመርም። ያላለቀሱበትን ቦታ ደግሞ በሙዚቃ አታድኑት፤ ተመልሳችሁ ታሪኩን ሥሩት። ድምፁ የተበላሸ ቀረጻ ካለ እንደገና ቅረጹ፤ ገንዘብ ከሌለ ያን ትዕይንት ቁረጡት። ሙዚቃ የግድ በሆነበት ቦታ ላይ ግን የሀብሩን አልቃሾች ጥሩና አማክሩ፤ ድምፅ መቼ እንደሚነሣ ኦርጋን ከሚመታ ሰው ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።